የሽማግሌ ሙሽራ ሆቴል ፍለጋ

ካርቱም፣ ጥር 2015 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ፋሪሃ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አንቺ፣ ባልሽና ትንሹ ኢክሪማ እንዴት ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ እንደ ወትሮው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። ዛሬ ጭነቱን አራግፈውለት ጥላ ሥር የተኛ ግመል ነው የምመስለው።

ትናንት ጠዋት በስልክ ስታወሪኝ አፌ ተሳሰረ። ዝም ስል ጊዜ "አባ፣ ሸበካው ሄደ እንዴ?" አልሽ። መስመሩ አልሄደም ነበር ልጄ፣ የሄደው የኔ ድምፅ ነው። ስለዚህ እናትሽ ባስተማረችሽ ፊደል እጽፍልሻለሁ። አማርኛ ስታነቢ ቀስ እንደምትዪ አውቃለሁ። ቀስ በይ፤ እኔም ስጽፍ ቀስ እያልኩ ነው። አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው እጅ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ነገ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወጣ የማውቀው ሹፌር አለ፣ እጅሽ ላይ ያደርስልኛል።

ባለፈው ወር፣ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራውን ሬሕማን ላገባ ማሰቤን ነገርኩሽ። አንቺም "አግባ አባ፣ ሐላልህ ነው። ግን እናቴ የሞተችበት ክፍል ሌላ ሴት እንዳትገባ። አሁን አይሆንም፣ ልቤ አይችልም" አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሶባ ያለችው ቤታችን ግን አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ብቻ መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን። እዚያ ክፍል ካልገባች ሬሕማ የምትገባበት ቤት የለኝም ማለት ነው።

ልብሽ ለምን እንደማይችል አልጠፋኝም። እናትሽ ሀዋ ያረፈች ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላተሽ ስትደርሺ ቀብራናት ተመልሰናል። ጀናዛ አይቆይም፣ ሕጉ ነው። "ሴት ልጅ እያላት ባዕድ አጠባት" ብለሽ የአልጋውን እግር ይዘሽ ያለቀስሽው ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ክፍሉን ስትከለክዪኝ አልተቀየምኩሽም። የፈራሁት ሌላ ነው። አንቺን ሳላጣ ይችንም ሴት ሳላዋርድ እንዴት አድርጌ እንደምወጣው ነበር ጭንቀቴ።

ለሬሕማ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

"ልጅቷ ልክ ናት" አለች። "ኒካሑ ይታሰር። እኔ ሪያድ እመቤቴ ግቢ ባለችኝ ክፍል እቆያለሁ። አላህ ልቧን ያራራው ዕለት ትወስደኛለህ።"

"ሚስቴን ሰው ቤት እያሳደርኩ? ጫጉላውስ?"

"ወይ አያ ይማም፣ በዚህ ዕድሜዬ የምን ጫጉላ አመጣህብኝ!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ከንፈሯ ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ድረስ አልሄደም።

ሼህ ሀሰን ዘንድ ሄጄ አማከርኳቸው። "ባል ለነበራት ሴት ሦስት ቀን ሐቋ ነው" አሉኝ። "ሐቅ ደግሞ በዕድሜ አይቀነስም፣ ይማም።" እንዲህ ሲሉኝ አፈርኩ። ሦስቱን ቀን የት እንደምናሳልፈው ግን እሳቸውም አላወቁም። ያወቀው ጥጋቡ ነው። ጥጋቡን መቼም አትረሺውም፣ ያ ቀልደኛው ቀለም ቀቢ።

"ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጀርባ ርካሽ ማደሪያ፣ ሎካንዳው ሞልቶልህ ምን ያስጨንቅሃል?" አለኝ።

"እዚያማ የሐበሻ ሴት ከወንድ ጋር ስትገባ የታየች እንደሆነ፣ እሷ ሳትወጣ ስሟ ቀድሟት ሶባ ይገባል" አልኩት።

"እንግዲያማ ትልቁን ግባ። ሚኒስትር የሚያድርበትን! እዚያ የገባችን ሴት ማን ይናገራታል?"

ለቀልድ ነበር ያለው። እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስለው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለአስራ ምናምን ዓመት የሰው አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። ስሟን ማንም በክፉ ሳያነሳው፣ ሰው ያነጠፈላት አልጋ ላይ ሦስት ቀን ብታርፍ ምን አለበት? ስለ ገንዘቡ አትጨነቂ፣ የላቤ ነው። በርግጥ ራሴንም ጠይቄያለሁ። ለሷ ክብር ነው ወይስ ጥጋቡና መሰሎቹ "ይማም ትልቅ ሆቴል ገባ" እንዲሉልኝ ነው? መልሱ ንጹሕ ሆኖ አልወጣልኝም። ጥቂት የኔም ኩራት አለበት መሰለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በዕረፍት ቀኔ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ መሐል ከተማ ወረድኩ። እናትሽ በሕይወት ሳለች በነዚያ ሕንፃዎች ሥር ስንት ጊዜ አልፈናል፣ አንድ ቀን ቀና ብለን አይተናቸው አናውቅም።

የመጀመሪያው ሆቴል መስታወት በመስታወት ነው። ገና ደረጃውን ሳልረግጥ የበሩ ጠባቂ "ጀናይኒ ነህ? በጓሮ በኩል ዙር" አለኝ። አትክልተኛ መሆኔን በምን አወቀ? እጄን አይቶ ይሆናል። እውነቱን ነው ደግሞ፣ አትክልተኛ ነኝ። እግሬም የዐማራት ሰፈር ቪላዎች ያስለመዱትን አልረሳም፣ ዝም ብሎ በጓሮ ዞረ! ጓሮው ውስጥ ቆሜ የደረቁትን ጽጌረዳዎች እያየሁ ነው የባነንኩት። እኔን በጓሮ የሰደደ ሬሕማን በየት በኩል ሊያስገባት ነው? ትቼው ወጣሁ።

ሁለተኛው አስገባኝ። ወለሉ ከማንሸራተቱ የተነሳ እንደ ሕፃን ግድግዳ እየያዝኩ ነው የሄድኩት። አንድ ለስላሳ ጎልማሳ ክፍል አሳየኝ። አልጋው ግን ልጄ፣ አንድ አልጋ ሳይሆን ሰፈር ነው። እኔ በአንዱ ጫፍ እሷ በሌላው ሆነን በስልክ ልንደዋወል ነው? እሱንም እሺ ብዬ፣ "ለሶላት የምንዞርበት ቂብላው ወዴት ነው?" አልኩት። ወዲያ ዞረ፣ ወዲህ ዞረ፣ ስልኩን አወጣና አየ። ስልኩ የመታጠቢያ ቤቱን በር አሳየው። "ስልኩ ተሳስቷል፣ ያ ሐጅ" አለኝ። ሳቄን ውጬ አመስግኜው ወረድኩ።

ሦስተኛው አባይ ዳር ነው። አሮጌ ነው፣ መጋረጃው ፀሐይ በልቶታል። ግን ግቢው የኒም ዛፍ አለው፣ ሳሩም በሰዓቱ የጠጣ ሳር ነው፣ ይህን አልስትም። ጠባቂው ከወንበሩ ተነስቶ "ተፈደል ያ ሐጅ" አለኝ። ልጄ፣ ሰው ሲነሳልሽ ምን ያህል ቁመት እንደሚጨምር! ክፍሉ ጣራ ላይ የቂብላ ቀስት ተለጥፏል፣ በመስኮቱ ወንዙ ይታያል። ይኸው ነው አልኩ በልቤ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ሙኒያ የምትባል ሱዳናዊት ነበረች፣ ያንቺ እኩያ ትሆናለች። "ክፍሉ ለማን ነው?" አለችኝ። "ለኔና ለሙሽራዬ" ስላት ሁለቱም ጆሮዎቼ ጋሉ። "መብሩክ ያ ሐጅ! እንግዲህ ስትመጡ ቀሲማውን እንዳትረሱ" አለች። የጋብቻውን ወረቀት ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ወረቀቱ የሚፈለገው መጋባታችን እንዲታወቅ አይደለም? ታዲያ ካወቁት ሰዎች የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ባቲ እኛ አገር ጋብቻ ሰው ፊት ይታሰራል እንጂ ወረቀት ላይ ታስሮ አላየሁም። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሼህ ሀሰን ቤት ኒካሑ እንደታሰረ፣ ሼሁንና ሁለቱን ምስክሮች፣ ጥጋቡንና ቢልልኝን፣ ከሙሽራዋ ጋር አንድ አምጃድ ታክሲ ላይ ጭኜ ሆቴሉ ገባሁ!

"ቀሲማው?" አለች ሙኒያ።

"ይኸው" ብዬ ወደ ኋላዬ አሳየኋት።

ሼህ ሀሰን ጥምጥማቸውንና ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ጥጋቡ የተዋሰው ኮት እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኖታል። ቢልልኝ ደግሞ ምንጣፉን ሲያይ ጊዜ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለች ልጅቷ።

"ምስክሮቼ ናቸው። ያሰሩት ሼህም እሳቸው ናቸው። የፈለግሽውን ጠይቂያቸው።"

"እኔ ወረቀቱ ነኝ፣ ሼሁ ማኅተሙ ናቸው" አለ ጥጋቡ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው። "ቢልልኝ ፎቶ ኮፒ ነው።"

ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ። ሙኒያም አፏን ሸፈነች። ከዚያ ግን ፊቷ ተጨነቀ። "ያ ሐጅ፣ ወላሂ ሕጉ ነው። ያለ ቀሲማ ወንድና ሴት አንድ ክፍል ማስገባት አልችልም። ለናንተ ለሐበሾች ደግሞ…" ብላ አቆመች።

"ለኛ ለሐበሾች ደግሞ ምን?"

ሬሕማ ናት። አምጃዱ ውስጥ ከገባን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ቶቧን አስተካክላ ወደ ፊት መጣች። ዐረብኛዋ እንደ ሪያድ ሴቶች ነው፣ ታውቂዋለሽ።

"ልጄ፣ በዚህ ከተማ ለስንት እንግዳ በር ከፍቻለሁ። ሻይ አቅርቤያለሁ፣ አልጋ አንጥፌያለሁ። አንዱንም እንኳ 'ይህች ሚስትህ ናት ወይ?' ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ ነውር ነው። ዛሬ እንግዳ ሆኜ የመጣሁት እኔ ነኝ። የማይሆን ከሆነ አይሆንም በይኝ። የጀመርሽውን ግን አትጨርሺው።"

ልጅቷ ቀልታ "ይቅርታ ያ ኻልቲ" አለችና ሙዲሩን፣ የሆቴሉን ኃላፊ፣ ልትጠራ ሮጠች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለክብሯ ብዬ ያመጣኋትን ሴት ሰው ሁሉ እያየ አስፈተንኳት!

ሙዲሩ ሸበት ያለ ሰው ነው። ሼህ ሀሰን ሰላምታውን ከመለሱለት በኋላ፣ "ልጄ፣ ያሰርኩትን ካላመንክ እዚሁ እንደገና አስረዋለሁ፣ አንተም ሦስተኛ ምስክር ትሆናለህ" አሉት። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ሼሁን አየ፣ የቢልልኝን ባዶ እግር አየ። "አያስፈልግም ሼሃችን" አለ። "ነገና ከነገ ወዲያ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። እሑድ ጋብቻ የሚመዘግበው ማእዙን ዘንድ ሄደው ቀሲማውን ያምጡ። እስከዚያ በኔ አንገት።" ከዚያ ለሬሕማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አህለን ያ ዐሩሳ" አላት። ሙሽራዋ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ አይደል? ጥጋቡ እልል ሊል አፉን ሲከፍት ሼሁ በከዘራቸው እግሩን ነካ አደረጉት።

እስከዚህ ያለውን ከጥጋቡ አፍ ጨማምሮበት ሰምተሽዋል። አሁን የምጽፍልሽን ግን ጥጋቡም አያውቀውም።

መግሪብ ሰግደን እንዳበቃን ሬሕማ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወደ አልጋው አታይም። ነጩ አንሶላ እጥፋት ሳይኖረው ጥብቅ ብሎ ተወጥሯል። በር ላይ የሆነው ነገር ልቧን ሰብሮት ተጸጽታለች ብዬ ደነገጥኩ።

"ሻይ ላስመጣልሽ?"

"ይቅር።"

"ቤቱን አልወደድሽውም?"

"ቤቱማ ሸጋ ነው" አለች። ወደ ወንዙ እያየች፣ "ይማም፣ ሀዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ" አለችኝ።

ልጄ፣ እኔ ያን ዕለት ውጭ ከወንዶቹ ጋር ነበርኩ። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ አላየሁም። የጀማዓው ሴቶች መጡ፣ አጠቡ፣ ከፈኑ። ከዚህ ሌላ አላውቅም ነበር። ከነሱ መሐል አንዷ ሬሕማ እንደነበረች ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

"አጣቢ ያየችውን እዚያው ትቀብረዋለች" አለችኝ። "መልካሙ ግን ይነገራል። ግንባሯ እንደተኛ ሰው ተፍታቶ ነበር። ፀጉሯን ሦስት ጉንጉን አድርጌ ወደ ኋላዋ ጣልኩት። ልንጀምር ስንል አንዷ 'ልጇ የለችም፣ የመጀመሪያውን ውኃ ማን ያፍስስ?' አለች። እኔ ጣሳውን አነሳሁና 'ይህ የፋሪሃ ነው' ብዬ አፈሰስኩ። የኛን የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።"

ፋሪሃ፣ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብቢያት። የመጀመሪያው ውኃ ያንቺ ነበር። ባንቺ ስም ነው የፈሰሰው።

"ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?" አልኳት።

"ምን ብዬ? 'ሚስትህን አጥቤልሃለሁና አግባኝ' ልበልህ? ምንዳዬን ከአላህ ነው የምጠብቀው። ባል አልፈለግሁበትም።"

"ታዲያ ዛሬ?"

"ልጅህ የከለከለችው ክፍል ውስጥ እኔ ቀድሜ ገብቻለሁ። ይህን ሳትሰማ ካንተ ጋር ብተኛ ማታለል መሰለኝ። አሁን አወቅህ። ከከበደህ እዚሁ ወንበሩ ላይ አድራለሁ።"

አልከበደኝም ልጄ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እነዚህን ሁለት ዓመታት ሌላ ሴት ባሰብኩ ቁጥር ከሀዋ ተደብቄ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ሶላት ላይ እንኳ ሀሳቤ ይከፈልብኝ ነበር። እሷ ግን እናትሽን በመጨረሻ ሰዓቷ በክብር የያዘች ሴት ሆና ተገኘች። ማንን ነው የምደበቀው? ተነስተን ሁለት ረከዓ ሰገድን፣ ለሀዋ ዱዓ አደረግን። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ራበኝና ያመጡልንን ፉል ሳህኑ እስኪታይ በላሁት።

በማግስቱ ጠዋት አንቺ ደወልሽ።

"አባ! ፈንዱቅ፣ ትልቅ ሆቴል ገባህ አሉኝ፣ ኩሉ ሶባ ያወራል! ጥጋቡ 'አባትሽ ሚኒስትር ሆነ' አለኝ!" ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ መሐል ላይ ተሰበረ። "በኔ ምክንያት ነው አይደል አባ?" አልሽ። እንዳላስከፋሽ "አይደለም" ልል አሰብኩ፣ ውሸት ሆነብኝ። ሬሕማ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኳትና እንደምንም ነገርኩሽ። ጣሳውን፣ ጉንጉኑን፣ የተባለውን ስም። ያን ጊዜ ነው ድምፄ የጠፋብኝ፤ ያንቺም ጠፋ። ብዙ ቆይተሽ "ስልኩን አሳልፍላት" አልሽኝ።

ስልኩን ሰጥቻት ወደ ግቢ ወረድኩ። እዚያ ቆሜ እጄ ሥራ አጣና የሰው ጽጌረዳ ያለ ፈቃድ ስኮተኩት ቆየሁ። ያንቺን ቁጣ ፈርቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ስመለስ ሬሕማ ዓይኗን በቶቧ ጫፍ ትጠርጋለች።

"ምን አለችሽ?"

"የሴት ወሬ ነው።"

"ሬሕማ!"

"ወደ ቤታችሁ ግቡ ብላለች። አልጋው ግን ካለበት ተነስቶ ወደ መስኮቱ ይዙር አለች።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን ከፈለገች እሷ ትንገርህ።"

ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም፣ አንቺንም አልጠይቅሽም። የሁለታችሁ ይሁን። እኔ የሰማሁት ይበቃኛል፣ ይተርፈኛልም። "እንግዲያ ያላ፣ ዕቃሽን ያዢ፣ ቤታችን እንሂድ!" ብዬ ከወንበሬ ብድግ ስል ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? "ሦስተኛዋን ሌሊት ሳልተኛባትማ የትም አልሄድም! ሐቄ ነው።" አሁን ይህን ስጽፍልሽ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ሙኒያ ራሷ ያመጣችላትን ሻይ ትጠጣለች። ሁለቱ ወዳጅ ሆነዋል፣ ስለ ሒና ነው የሚያወሩት።

ነገ ማእዙኑ ዘንድ ሄደን ወረቀቱን አውጥተን ለሙዲሩ እናሳያለን፣ አንገቱን ያስያዘልንን ሰው ማሳፈር አይገባም። ከዚያ ሶባ እንገባለን። አልጋውን እኔና ቢልልኝ እናዞረዋለን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለዒድ ኑ። ኢክሪማን ይዘሽ፣ ባልሽን ይዘሽ። መናኸሪያ ድረስ እኔ መጥቼ እቀበላችኋለሁ፤ ቤት ስትደርሺ ግን በሩን የምትከፍትልሽ ሬሕማ ናት። ምን ብለሽ እንደምትጠሪያት አልነግርሽም። እዚያ በሩ ላይ ቆመሽ አፍሽ ላይ የመጣልሽን በያት።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናው፣ ለዚያች ቀን በሰላም ያድርሰን።

ዱዓው የማይለይሽ አባትሽ
ይማም